ትራክተሯን የሳቡት በሬዎች

ትንሿ ትራክተራችን ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን መሃል ባትሪዋ ሞቶ ቀረች። ዝናቡ ጀምሯል፣ እርሻው ገና ግማሽ ነው። ቡሬ ላለው ባትሪ ሻጭ ደውዬ ትልቁን እንዲልክልኝ ብጠይቀው፣ «በስልክ አይመረጥም» አለኝ። «የሞተው ባትሪ ከመኪና የወጣ፣ በገመድ የታሰረ ነው ካልክ ለአዲሱ መለኪያ አይሆንም። ትራክተሯን አምጣትና እየለካን እንምረጥ።»

«ከጭቃ ውስጥ በምን ላውጣት?» ስል ጎረቤታችን አያ ጥሩነህ ሰሙኝ። ሄደው ጥማድ በሬያቸውን ነድተው መጡና ሰንሰለቱን ከቀንበሩ አሰሩት። «ውጣና መሪውን ያዝ፣ ልጄ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኩም ነበር። በሬዎቹ ጉልበታቸው ጭቃውን እስኪነካ ጎንበስ አሉ፤ ያ ሁሉ ብረት ከሥሬ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ቁልቁለቱ አፋፍ ስንደርስ አያ ጥሩነህ በሬዎቹን ፈቷቸው። ትራክተሯ ተንደርድራ ስትወርድ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ብለቀው ሞተሩ ተነሳ። ካጠፋኋት መልሳ ስለማትነሳ፣ ወርጄ ሳላመሰግናቸው ቡሬ ድረስ ነዳሁ።

ሻጩ ሦስት ባትሪ አወጣ። ትልቁ መቀመጫው ላይ አልገባም፤ ሁለተኛው ፖዘቲቭ ጫፉ በሌላ በኩል ስለሆነ የትራክተሯ የኤሌክትሪክ ገመድ አልደረሰለትም፤ ሦስተኛው ልክክ አለ። ቁልፉን ሳዞር ባንዴ ተነሳች።

ማታ አያ ጥሩነህ ደጅ ቆሜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላቸው፣ ለበሬዎቹ ገለባ እየሰጡ ነበር። «እኔ ምን አደረግሁ፤ እነሱን ደባብሳቸው» አሉኝ። በሬዎቹ አንገት ላይ እጄን አሳረፍኩ።