ጀርባው የተወለወለው ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አይ አይነሡ፣ በሞቴ ይቀመጡ። ይቺ የጠረጴዛ ሰዓቴ ናት ዛሬም ያመጣችኝ፤ በቀን ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ ትላለች። እርስዎ ደህና አድርገው ነበር የሠሩልኝ፤ እኔው ነኝ ከመደርደሪያ ላይ የጣልኳት። ምን ላድርግ፣ ዕቃ ከእጄ ሲጠፋ ወይ ሲሰበር «ሠራተኛዋ ናት» የማለት ስጦታ አልተሰጠኝም።

ውይ! ወንድሜም እዚህ ነህ ለካ? በጋዜጣው ተጋርደህ አላየሁህም እኮ። ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፤ እኛ የአሮጊትና የሽማግሌ ወሬ ነው የምናወራው። አንተ ዜናህን አንብብ።

መብራቱ ሥር ያለው ሰዓት እንዴት ያምራል ጋሼ! ክሮኖግራፍ የሚሉት አይደል? በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ሰከንድ ቆጣሪው ይነሣል፣ ደግመው ሲጫኑት ቀጥ ይላል። የማን እንደሆነ አልጠይቅም። የሰው ዕቃ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው... ዘንድሮ ደግሞ መልሱም ይከብዳል።

እሱን ሳይ አንድ የማውቀው ሰው ትዝ አለኝ። ስሙ ምን ያደርግልዎታል? ጨዋ ሰው ነው። የድሮ ሰዓት ይሰበስባል። እንግዳ ሲመጣ ነጭ ጓንት አጥልቆ ከሣጥን አንድ በአንድ እያወጣ ያሳያል፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያያል። ታዲያ ምክሩን ቢሰሙት! «አሮጌ ሰዓት አይወለወልም! ጭረቱ ታሪኩ ነው፤ የወየበ ፊቱ ዋጋው ነው። ያስወለወለ ሰው ግማሹን ዋጋ በጨርቅ ጠርጎ ጣለው» ይላል። እውነቱን አይደል? እርስዎም እንዲሁ ነው የሚሉት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሰዓት አንዱን ብቻ ወስዶ እንደ መስታወት አስወለወለው ብልዎ ያምኑኛል? ጀርባውን በተለይ! የወየበውንም ፊት በነጭ ቀለም አስለበሰው፤ ዳር ዳሩን የነበረው የልብ ትርታ መለኪያ ቁጥር ድራሹ ጠፋ። ምን ነክቶት ይመስልዎታል? እኔማ ንጽሕና ስለሚወድ ነው ብያለሁ። ምቀኞች ግን ጀርባው ላይ «ትርታችንን ለሚቆጥርልን ድሬሰር፣ ከክሊኒኩ ባልደረቦች» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር ይላሉ። ምቀኛ ምን የማይለው አለ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ በፖሊሽም ይጠራል።

ደግነቱን ደግሞ ቢያዩ። አባቱ አልጋ ላይ ሲወድቅ እንዳይለየው ብሎ በግራ በኩል ተቀመጠ። በግራ በኩል። እጁን ያዘለት፤ ሰዓቱ የከሳውን ቆዳ እንዳይልጠው አሳስቦት በቀስታ አወለቀለት። ማን እንዲህ ያስባል? በማግስቱ ሰዓቱ የለም። ዕቃ ነው፣ ይጠፋል። አስታማሚዋን ጠሯት፤ ቦርሳዋን መሬት ላይ ዘረገፉት፤ አንድ ሹራብና ግማሽ ዳቦ ወጣ። እሱ ታዲያ አልተሳደበም፣ ጨዋ ነው ብዬዎት የለ? «እግዜር ይይልኝ» ብቻ አላት። እግዜርም አላሳፈረውም፣ ያያል። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሰው ቤት ስትገባ ቦርሳዋን በር ላይ ትታ ነው የምትገባው።

አባትየው... ድሬሰር አልነበረም? በሕመምተኛ አጠገብ ሠላሳ ትርታ ሲቆጥርና ቁልፍ ሲጫን የኖረ ሰው ነው። የለመደ እጅ አይቀመጥም። የግራ እጁን ጣቶች አንገቱ ሥር አድርጎ የራሱን ትርታ ይቆጥራል። ሠላሳ ሲሞላ ቀኝ አውራ ጣቱን ይሰድና ባዶው አንጓ ላይ የሌለውን ቁልፍ ይጫናል። ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ነጭ መስመር ቀርቶ ነበርና እሱን አተኩሮ ያየዋል፤ «አሁን ስንት ሆነ?» ይላል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለ።

እህት አለችው አሉ፣ ሞኝ ቢጤ። ጠርጥራ ዝም አለች። ወንድሜ ነው ብላ፣ ዝምታ ወርቅ ነው ብለዋት። የሷ ግን ብረት ኖሮ ዛገ። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ የአባት ሰዓት ለየትኛው ልጅ እንደሆነ ግን ቀደምቶቻችን ሳይነግሩን አለፉ።

አሁን ገዢ ተገኝቷል አሉ፣ ነገ ሊረካከቡ። ገዢው ደግሞ መጠንቀቁ! «ከመጀመሪያውም ያንተ ለመሆኑ የሰዓት ሠሪ ወረቀት አምጣ» ብሎታል። ምናምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል፤ ይሄኛው ግን ይዞም ይዘላል። «ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት አሉ፣ ባሳየኋቸው ቦታ ላይ ይፈርማሉ» አለ አሉ። ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማለቱ አይደለም! እርስዎማ ያችን አጉሊ መነጽር ካደረጉ የትንኝ ቅንድብ ይቆጥራሉ።

መብራቱ ሥር ያለውን ሰዓት ጀርባውን ገና አልከፈቱትም አይደል? የእርስዎን ልማድ ነው የማስበው። ሰዓት ከፍተው ባጸዱ ቁጥር ከክዳኑ በስተውስጥ ዓመቱን፣ የባለቤቱን የስም መጀመሪያና የራስዎን ምልክት በመርፌ ጫፍ ይጭራሉ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጅ ሆኜ እዚህ ይዞኝ ሲመጣ «የኔ ሰዓት ሆዱ ውስጥ ደብዳቤ አለው» ይለኝ ነበር። ያ የማውቀው ሰው ይህን አያውቅም። «አቧራ ይገባል» ብሎ ከፍቶም አያይ፤ የሚወደው ፊት ነው። ሆድ ይፍጀው ብለን ስንቱን ተውነው፤ የሰዓት ሆድ ግን አይፈጅም ጋሼ፣ የሰጡትን እንዳለ ያስቀምጣል።

ቀስ ብለው ይክፈቱት፣ እኔ አልቸኩልም። ወንድሜም የሚቸኩል አይመስለኝም፤ ያንኑ ገጽ ከያዘ ቆየ።

...

ሰባት ጊዜ ያው ፊደል ተጭሯል? ውይ! ጮክ ብለው አይቁጠሩት ጋሼ፣ እዚህ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አለ።

እኔ እንዲህ ይጻፉ፣ እንዲያ ይጻፉ አልልም። ዓይንዎ ያየውን ይጻፉ። ብቻ ሁለት ቅጂ ያድርጉት። አንደኛውን ቦርሳዋን በር ላይ ለምትተወው ሴት አደርስላታለሁ፤ ይዛ ትግባ።

የኔን ሰዓት በሚመችዎ ጊዜ ይሥሯት። እኔም ወሬዬን ጨረስኩ። ሰውን አምቶ ዝም ብሎ መሄድ ደግሞ ኃጢአት ነው፤ ልመርቀው። ያ የማውቀው ሰው ዕድሜው ይርዘም፣ መቶ ይሙላ። ሦስት ልጆች አሉት፣ ሦስቱም ቁርጥ እሱን ናቸው፤ እግዜር ያሳድግለት። አልጋ ላይ በዋለ ቀንም እንዳይለዩት፤ ልክ እሱ ላባቱ እንዳሰበው ያስቡለት፤ ከሦስቱ አንዱ በግራ በኩል ተቀምጦ እጁን ይያዝለት።

አሜን በል እንጂ ወንድሜ። ምርቃት አይደል?