ጦጣዋ፣ ነጩ እንጉዳይና እሸት በቆሎ

ከሚሴ ውስጥ ባዮሎጂ እንደማስተምር የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔው እየዞርኩ ስለምናገር። ታዲያ አንድ ጊዜ መራቀቄ ነው፣ «ስኩዊረል የምትባለውን የደቡብ አሜሪካ ጦጣና ነጭ እንጉዳይን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው?» ብዬ ፈተና አወጣሁ። ፈቲያ የምትባል ተማሪዬ «ሁለቱም ሳያርሱ ይበላሉ» ብላ መለሰች። እየሳቅኩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት።

ቅዳሜ ከከተማው አጠገብ ባለው በጨፋ ሜዳ በኩል ሳልፍ አባቷ ጦጣ ከሚያባርሩበት ማሳ ሆነው ጠሩኝ። ገና ከእሳት የወጣ እሸት በቆሎ አስጨበጡኝና «ለመሆኑ ልጄ ምን ብላ መጻፍ ነበረባት?» አሉኝ።

ጉንጬን እንደሞላሁ ማብራራት ጀመርኩ። «ሁለቱም ምግባቸውን ራሳቸው መሥራት አይችሉም፤ ሌላው በሠራው ነው የሚኖሩት።»

«ታዲያ እሷስ ምን አለች?»

በቆሎውን ደግሜ ገመጥኩ። ሰውየው እጄ ላይ ያለውን በቆሎ አየት አደረጉና «አብሽር፣ ይብሉ መምህር» አሉኝ፤ «ይሄን ግን መቼ ነው ያረሱት?»

ሰኞ ለፈቲያ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ለክፍሉ መልሱን ሳብራራ ግን ሳያርስ የሚበላውን ሦስተኛውን ፍጡር ዘለልኩት።