ከበሩ ሰባተኛው ድንጋይ

ሰኮሩ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ከከተማው በላይ ጉብታው ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ምሽግ ነበር። የቀበሌያችን ካድሬ «አፍርሳችሁ በድንጋዩ የቡና መጋዘን ትሠራላችሁ» ብሎ በዘመቻ አወጣን። ሁለት ቀን ሙሉ በዲጂኖና በመዶሻ ብንወቅጠው ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን አባ መጫ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡ። «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ እስኪ ዞር በሉ» አሉን። ከበሩ ጀምረው ድንጋዮቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩና ሰባተኛው ላይ ቆሙ። «አስተማሪ፣ እዚህ ጋ ምታ» አሉኝ። አንዴ ብመታው ድንጋዩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከላዩ ያሉትም ተከትለውት ወረዱና ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ከመሃሉ የፈሰሰው ጭቃና የቡና ገለባ ነው።

«እንዴት አወቁ አባ?» አልኳቸው።

«እኔው ነኝ የገነባሁት። በጅራፍ እየገረፉ ነበር የሚያሠሩን። እዚህ ጋ ብቻ ፊቱን በኖራ አሳምረን ሆዱን ገለባ ሞላነው፤ አርበኞች ሲመጡ እንዲገቡበት ብለን። ወላሂ፣ ጣሊያኑ ቀድሞ ሄደ እንጂ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ?»

«ነገ ደግሞ ማን መጥቶ ምሽጉ ውስጥ እንደሚሰፍር አይታወቅማ» አሉኝ፣ ገለባውን በከዘራቸው እየነካኩ።

አጠገባችን ቆሞ ይሰማ የነበረው ካድሬ ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሎታል። የቀበሌውን አዳራሽ ባለፈው ዓመት በዘመቻ የገነቡት አባ መጫ ነበሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስንገባ የመድረኩ ጠረጴዛ ከግድግዳው ተነሥቶ አዳራሹ መሃል ተቀምጧል።