የኩብራ ጭረት

በ1974 ዓ.ም. የሰኔ ጭጋግ ደብረ ብርሃንን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ወልደአረጋይ የጽሕፈት መኪናቸውን ታቅፈው ወደ ፍርድ ቤቱ በር ሲያዘግሙ መምህርት ይርጋለም መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ከምታስተምርበት ከሰላ ድንጋይ ተነሥታ ጠመኔ ልትወስድ መምጣቷ ነው። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ነበሩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ይህች መኪና ዛሬም አለች?»

«አለች ከተባለ! እሷም እኔም ዕድሜያችንን እየገፋን ነው።»

እውነትም ደክሟቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ብሶት ሲመቱ ጣቶቻቸው ተቆላምመዋል። መኪናዋም ካዕብ የምታደርገውን ጭረት መምታት ከተወች መንፈቅ አለፋት፤ «ሙ» ሲሏት «መ» ትላለች። እሳቸውም ወረቀቱን ካወጡ በኋላ ጭረቱን በብዕር ይጨምሩበታል።

«ለምን አያሠሯትም?» አለች ይርጋለም ነገሩን ሲነግሯት።

«አዲስ አበባ መላክ ሊኖርብኝ ነው፤ እስክትመለስ ወር ሙሉ ጦሜን ልውል። ኬላውስ? በዚህ ዘመን የጽሕፈት መኪና ይዞ የሚጓዝ ሽማግሌ ወረቀት በታኝ ነው መባሉ አይቀርም። ተይኝ ልጄ፣ ደክሞኛል። ጭረት ቢጎድል አንባቢ ይሞላዋል።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል እኮ ጋሼ። አንድ ቀን ጭረቷ ብትረሳስ?»

«ለቀባሪው አረዱት! ካዕብን ከግዕዝ የለየሁልሽ ማን ሆነና ነው?»

ይርጋለም ሳቀች። ሽማግሌ በቀልድ ሲያመልጥ ማሳደድ ነውር ነውና ነገሩን ትታ አብራቸው ሄደች።

ከፍርድ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ትጠብቃቸው ነበር። ባሏ የሞተባት የአልዩ አምባዋ ኩብራ ናት፤ የባሏ ማሳ በስሟ እንዲዞርላት ባለፈው ወር ማመልከቻ አስጽፋቸው ነበር።

«አባቴ፣ ግልባጩን ለገበሬ ማኅበራችን ሰጠሁ» አለች ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ። «ሊቀመንበሩ ‹ከብራ የምትባል አባል የለችንም› አለኝ። እስከ ዓርብ አስተካክዬ ካላመጣሁ ማሳው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ወላሂ፣ መጀመሪያ ተንኮል መስሎኝ ነበር። ግን መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን ለይቻለሁ። ይኸው፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ጎኗ ላይ ጭረት የላትም። ይህች እኔ አይደለሁም።»

አቶ ወልደአረጋይ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዋናው ላይ ጭረቱን ጨምረዋል፤ በካርቦን የወጣውን ግልባጭ ግን ረስተውታል። በዕድሜያቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም።

«ሌላው ቃል እኮ ይነበባል…» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ይነበባል» አለች ይርጋለም በትሕትና። «‹ማኅበረ› ቢል ‹ማኅበሩ› ለማለት ነው ብሎ አንባቢ ይገምታል። ስም ግን አይገመትም ጋሼ። የመኪናዋን ጉድለት የተሸከሙት እርስዎ ይመስልዎታል፤ ኩብራ ናት ግን ተሸክማው የአንኮበርን ዳገት የወጣችው።»

ሽማግሌው ራሳቸው «ስም ከመቃብር በላይ ነው» እያሉ ስንቱን ባለጉዳይ መክረው ነበር!

«ይሁን፤ ትሠራ» አሉ በመጨረሻ። «ኬላውን ግን ምን አባቴ ላድርገው?»

«ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያወጣሉ። እስክትመለስ በእጅዎ ይጻፉ፤ የእጅ ጽሕፈትዎ እንደሆነ ከመኪናዋም ያምራል። ስትመለስ ዋናውና ግልባጩ አንድ ቃል ይናገራሉ። ባለጉዳይ አይንከራተትም፤ እርስዎም ጭረት ሲለቅሙ ዓይንዎን አይጨርሱም።»

አቶ ወልደአረጋይ መኪናዋን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ጎን አኖሯት። ከዚያ ማመልከቻውን ከነግልባጮቹ በእጃቸው እንደገና ጻፉና፣ እንደ ልማዳቸው ለጣት አሻራ የሚሆነውን ቀለም ወደ ኩብራ ገፋ አደረጉላት። እሷ ግን መልሳ ገፋችውና ብዕሩን ጠየቀች።

በሦስቱም ወረቀት ላይ መጀመሪያ «ከ»ን ጻፈች። ቀጥላ ትንፋሿን ውጣ ጭረቷን ከጎኗ ሰካች፤ የቀሩትን ፊደላት ጨረሰችና ቀና አለች።

«እስቲ አንብቢው» አሏት።

«ኩብራ» አለች። «አሁን እኔ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን ሳያነብ ወይም ሳያስነብብ ከአቶ ወልደአረጋይ ዘንድ የሚነሣ ባለጉዳይ አልነበረም። እሳቸው ግን ያን ዕለት ሌላ ሰው አላስተናገዱም፤ መኪናዋን ታቅፈው ቀስ እያሉ ወደ ቀበሌ ሄዱ።