አንድ ቦታ ብቻ የተጻፈበት ማመልከቻ

መብራት የሄደበት የፎቶ ኮፒ ቤት ሰውን ከሰው ያገናኛል። መጽሐፍ ጠራዡም የግድግዳ ጎረቤቱን፣ የጤና ጣቢያዋን የላብራቶሪ ባለሙያ፣ በወጉ ያነጋገራት እንዲህ መብራት በጠፋ ዕለት ነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሲኖሩ ከ“እንደምን አደርሽ” እና “እንደምን አደሩ” አልፈው አያውቁም። ጠራዡ ወሬ አይወድም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህማ ጭራሽ አፉን ዘግቷል፤ ሰው ምነው ሲለው “ዝም አይነቅዝም” ብሎ ይገላገላል።

በእጁ የያዘው የልጁን የኮሌጅ ማመልከቻ ነበር። ያለችው አንድ ልጅ ናት። ከአንደኛነት ወርዳ ስለማታውቅ ሰፈርተኛው ስሟን ትቶ “አንደኛ” ነው የሚላት። ቅጹ አምስት ምርጫ ይጠይቃል፤ እሷ የሞላችው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። እዚያ ላይ የሰፈረውም ከቤታቸው በእግር ሃያ ደቂቃ የሚያስኬደው ኮሌጅ ነው። ጠራዡ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ ሲያነበው ደስታውን አልቻለውም። ኮፒ አስነስቶ፣ የወላጅ ፊርማውን አኑሮ ሊያስረክብ ወጣ።

“የአንደኛ ነው? ልየው ጋሼ?” አለች ጎረቤቱ።

“እይው እንጂ!”

አነበበችው፤ ገለበጠችው፤ መልሳ አነበበችው። “አራቱ እኮ ባዶ ናቸው።”

“ምን ይሁን ብለሽ? እሷን የማይቀበል የት አለና? ይሄ ባይሆን ያ እያሉ መደርደር ሟርት ነው።”

“መቀበሉንስ ይቀበሏታል። ይሄ ኮሌጅ ግን የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፤ ሂሳብ አያያዝ፣ ነርስነትና ጽሕፈት። ከሦስቱ የቱን ነው የፈለገችው?”

ጠራዡ የልጁን የጫማ ቁጥር ያውቃል። ሽንኩርት እንደማትወድ፣ ስትታመም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትተኛ ያውቃል። ይሄን ግን አያውቅም።

“ነርስነት ይሆናል” አለ።

“ጠይቀዋታል?”

“ልጄ፣ በእኛ ቤት ብዙ አይወራም።”

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰው አትፍረድበት። ልጁን የሚወድ፣ ለልጁ ሲል ሌላ ያላገባ ሰው ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ የወደደ ሰው ሁሉን የሚያውቅ መስሎታል። ስንቶቻችን እንዲህ ነን?

“ደግሞስ” አለ ጠራዡ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። አንድ ልጄን ለማላውቀው አገር ልስጥ? ሩቅ ያለው ትልቅ ኮሌጅ ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው።”

“አይቆጡኝ ጋሼ። የራሴን ልንገርዎት። እኔም አንደኛ ነበርኩ። ከእናቴ ላለመራቅ ብዬ ይሄንኑ የቅርቡን ጻፍኩ፤ እሱ ብቻውን። ሁለተኛ ዓመት ሳልጨርስ እናቴ ሞተች። ለእሷ ብዬ የገባሁበት የጤና ሙያ ግን ይኸው አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ አለ። ያኔ የጀመርኩት ነርስነት ነበር፤ እንደ ምንም ብዬ ሌላ ቦታ ተምሬ ወደ ላብራቶሪ ዞርኩ። የምመኘው የሕንፃ ሥራ ነበር።”

“እናትሽ ናት የከለከለችሽ?”

“አልከለከለችኝም። አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ተዛዝነን ተጎዳን።”

ጠራዡ ክው አለ። “ታዲያ እንዴት ነው የሚመረጠው? ስሙ የገነነውን ብቻ እንደርድር?” አለ።

“እሱም ያው ስህተት ነው። መጀመሪያ ምን መማር እንደምትፈልግ ትናገር። ከዚያ ያን ትምህርት ደህና አድርገው የሚያስተምሩትን ለይቶ ማውጣት ነው። ሁለት ከባድ ትጻፍ፣ የሚሻሙባቸውን። ሁለት ለውጤቷ የሚመጥኑ። አንዱ ደግሞ በእርግጠኝነት የሚቀበላት፤ ግን ቢደርሳት የማታለቅስበት ይሁን። ማደሪያ ይሰጣሉ ወይ፣ ክፍያው ስንት ነው፣ የተመረቁት ሥራ ያገኛሉ ወይ ብሎ መጠየቅም ነው። ሟርት የሚሉት ይሄ ጥንቃቄ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?”

“እኔስ?” አለ ጠራዡ ድንገት። ቃሉ አምልጦት ነው የወጣው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ለሰው እንዲህ ብሎ አያውቅም። “እሷ ከሄደች እኔ ማን አለኝ?”

ጎረቤቱ ለማባበል አልሞከረችም። “ብቻዎን ይቀራሉ” አለች። “ይከብዳል። እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ልማዱን አውቀዋለሁ። ግን እሱን ለመሸሽ ብለው ዕድሏን አይውሰዱባት።”

መብራቱ መጣ። ባለ ፎቶ ኮፒው “ጋሼ፣ ስንት ላንሳ?” ሲል ጠራዡ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና “ተወው፣ ገና አላለቀም” ብሎ ወጣ።

ልጁን ያገኛት ከጠረጴዛዋ ተቀምጣ፣ ሊያልቅ የደረሰ ደብተር ላይ የድሮ ፈተና ስትሠራ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልፏል፤ ግን ሌላ የምታደርገው ነገር የላትም። ከጎኗ ቁጭ አለ። እንዲህ ተቀምጠው ስለማያውቁ ደነገጠች።

“ምን መማር ነው የምትፈልጊው?”

“እዚህ ያለውን።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም።”

እርሳሷን አስቀመጠች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ “ኬሚስትሪ” አለች።

“ከየት አመጣሽው?”

“ከኮላው ነዋ፣ አባዬ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ኮላ ሲደርቅ ለምን እንደሚይዝ ጠየቅኩህ። ‘ዝም ብለሽ ያዢ’ አልከኝ። ያዝኩ። መልሱን ግን እስከ ዛሬ በደንብ አላገኘሁትም።”

ጠራዡ ሳቀ። ሳቁ አላልቅ ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። “ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ለማን ትቼህ ልሂድ? እኔ ካላናገርኩህ እኮ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አታወራም።” ከዚያ አንገቷን ደፋች። “እኔም ካንተ በቀር ሰው የለኝም። ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ሊቀዳ ካልሆነ የሚጠጋኝ የለም። አንደኛ ስለሚሉኝ ጓደኛ ያለኝ ይመስልሃል?”

አባትየው ይሄንንም አያውቅም ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ብቸኞች፣ አንዱ ለአንዱ ሲል ዝም ብሎ ኖሯል።

“የኮላ ነገር የሚያሳስባቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ይኖራል?” ሲል ጠየቃት።

“ይኖራል። ሩቅ ነው።”

ጽሑፉ በእርሳስ ነበር። ጠራዡ ቅጹን ከኪሱ አወጣ፤ ላጲሱን ራሱ አነሳና የቅርቡን ኮሌጅ ስም አጠፋው። ቀስ ብሎ ነው ያጠፋው። ከዚያ ጎረቤቱን ጠራት፤ ሦስቱ ሆነው እየተከራከሩ አምስቱን መስመር ሞሉ። ከአምስቱ በአውቶቡስ ከሰባት ሰዓት መንገድ የሚያንስ አልነበረም። ፈረመ።

ከባድ የተባሉት ሁለቱ አልተቀበሏትም። ሦስተኛ የጻፈችው ተቀበላት፤ አምስት መስመር መሙላት ሟርት አለመሆኑ ያኔ ታወቀ። ማደሪያም ሰጧት። ከመጀመሪያው መንፈቅ በኋላ ስልክ ደወለች። “አባዬ፣ ሦስተኛ ወጣሁ” አለች፤ እንዲህ ደስ ብሏት ሰምቷት አያውቅም። “የበለጡኝ ሁለቱ ጓደኞቼ ናቸው!”

ጠራዡም እሁድ እሁድ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል። በሌላው ቀን ግን ያው ብቻውን ነው።

በዓመቱ የሰፈሩ አናጢ የወንድ ልጁን ቅጽ ይዞ ወደ ጠራዡ ሱቅ መጣ። የቅርቡን ኮሌጅ አናጢው ራሱ ጽፎበታል።

“አንተ ልጅህ ስትሄድ እንዴት ቻልከው? ቤቱስ?” አለው።

“ቤቱ ጭር ይላል። ሥራ ስጨርስ ወደዚያ መሄድ ያስጠላኛል። አንዳንዴ ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን መልሳለሁ። አልዋሽህም።”

“እና ትቆጫለህ?”

ጠራዡ ቅጹን አየና መልሶ ሰጠው። “ልጅህን ጠይቀኸዋል?”

“አልጠየቅኩትም” አለ አናጢው።

“ሂድና ጠይቀው። የነገረህን እሱ ራሱ ይጻፍ። ከዚያ እያለቀስክም ቢሆን ፈርም።”