ቦርሳ ጠባቂዋ

መብራትህ እንዴት ደስ ይላል የኔ ልጅ! ሞቅ ያደርጋል። ይኼን ሰማያዊ መጋረጃ አዲስ ነው የሰቀልከው? ያምራል... ቀስ ብለህ አስተካክል፣ እኛ አንቸኩልም። የእህቴ ልጅም መስታወቱ ጋ ከንፈሯን እየተቀባች ነው። ሥራ አግኝታ ነገ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው እኮ! የምትከራየው ክፍል ግድግዳ ላይ የቤተሰብ ፎቶ መስቀል አምሯት ነው ሁላችንንም እየጎተተች ያመጣችን።

እዚያ አግዳሚው ላይ ያለችው? እሷን ተዋት፣ ቦርሳ እየጠበቀችልን ነው። አየህ፣ የሁላችንንም ቦርሳ ጭኗ ላይ ደርድራ ከአገጯ በታች ምኗም አይታይም። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከየት ይገኛል?

እኔ የማወራህ ስለ ሌላ ሴት ነው። ስሟን አልነግርህም፣ ከአንድ ማህፀን ነው የወጣነው። ፎቶ በተባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ብድግ የምትል እሷ ናት። «አምጡ፣ እኔ ላንሳችሁ!» ትላለች። ትህትና እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? የወንድማችን ሠርግ ላይ ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ ናት። የልጇ ልደት ላይ ደግሞ ከኬኩ ጀርባ አንድ ክርን ብቅ ብሏል... የማን ክርን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

«ትንሽ ልቀንስና እነሳለሁ» ነው የምትለው። እውነቷን ነው፣ ምን ያስቸኩላል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? ይኸው ልጅቷ በእግሯ ልትሄድ ነው... እናትየዋ ገና እየቀነሰች ነው።

ቀጭን ብትሆን ኖሮ ትነሳ ነበር እንዳትለኝ። ድሮ ቀጭን ነበረች! በኮረዳነታችን ሁለታችን የተነሳነው ፎቶ ነበረን። አንድ ቀን ባወጣው፣ የራሷን ምስል በመቀስ ቆርጣ ጥላዋለች። ለምን? «አጥንቴ አግጥጦ ያስጠላል!» ትከሻዬ ላይ አንዲት እጅ ብቻ ቀረችልኝ። እስካሁን አልጣልኩትም፤ ባየሁት ቁጥር ግን እናደዳለሁ፣ ይከፋኛልም። ያኔ አጥንቱ በዛ፣ አሁን ሥጋው በዛ... መቼም መሃል ላይ ልክ የሆነችበት አንድ ቀን ሳይኖር አይቀርም። ማክሰኞ ይሆን? ካሜራ የያዘ ሰው ጠፋ እንጂ!

የሰው ፊት እሳት ነው ይላሉ። እሷን ግን የሚያቃጥላት የገዛ ፊቷ ነው። ፊቷ ደግሞ የልጅቷ ፊት ነው፤ እስቲ መስታወቱ ጋ ያለችውን ተመልከታት፣ ያው ጉንጭ፣ ያው ሞላ ያለ ክንድ። አታምርም? እሷ ግን ያንን ክንድ አጋልጣ ለብሳ መጣች። ድፍረቱን ከማን እንደተማረችው እንጃ... ከእናቷ እንኳ አይመስለኝም።

እኔማ ይኸው፣ ሆዴን ይዤ ከፊት! ይኼ ሆድ ሦስት ልጅ ይዞልኛል፤ እኔ አንድ ፎቶ ላይ ቦታ ብይዝለት ምን አለበት?

ጠጋ በሉ አልክ? አልጠጋም። በዚህ በኩል ያለውን ክፍት ቦታ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቦርሳውን እንደሆነ አግዳሚውም ይይዘዋል... እኔ እንዲሁ ነው የምናገረው፣ ማንንም አላልኩም።

በል እንግዲህ አንሳን። ለዚያች ሴት ግን ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ከሁላችንም በኋላ ያቆይልኝ! እኛ ብንሄድ ግድግዳ ላይ አለን። እሷን ግን አደራ፣ ያኑርልን... ልጅቷ እናቷ በናፈቀቻት ቁጥር ያንን ክርን እያየች እንዳታለቅስ። አሜን በል የኔ ልጅ።