አንዴ የተንኳኳ በር

ደህና ዋሉ ፕሮፌሰር? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም፤ እኔም ከሳንባ ሕመምተኞች ክፍል ተራዬን ጨርሼ አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ለነገሩ ለጥናት መረጃ ስሰበስብ በር ለበር ለከረምኩ ነርስ ደረጃ ምኔ ነው?

የዶክትሬት ጽሑፉ ይሄ ነው? ያ ቀልጣፋ ተማሪዎ... ዛሬ ይፈርሙለታል አሉ። እሰይ! በሰፈራችን የሳንባ በሽታ በግማሽ ቀነሰ ብሎ አረጋገጠ መሰለኝ። ሐኪሞቹ በስንት ዓመት ያቃታቸውን እሱ በሦስት ሳምንት! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ሰነፎች ናቸው፤ የእሱማ ገና ሳይፈለፈል ሮጠ።

ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ በሰጡን ሥልጠና ላይ እርስዎ ምን ነበር ያሉን? ለጥናቱ ዕጣ የወጣለት ቤት ከተዘጋ ሦስት ቀን ተመላለሱ፣ በጎረቤት እንዳትተኩት... የድሮ ሰው ነዎት፣ አይፈረድብዎትም። እሱ ግን ከመኪናው ሳይወርድ፣ «አንዴ አንኳኩ፤ ካልተከፈተ ቅጹን በሚቀጥለው ቤት ሙሉት» አለን። ለጫማችን አዝኖ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ደግሞ የሚቀጥለው ቤት ደስ ይላል። ተነስቶ በር የሚከፍት ሰው መቼም ጤነኛ ነው።

አርባ አንድ በር ተዘግቶብን ነበር። እኔ ሞኟ የት ሄደው ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። ኋላ ሥራ ስገባ ከእነዚያ የዘጠኙን ቤት ሰዎች እኔው ክፍል ተኝተው ሲያስሉ አገኘኋቸው። ሁለቱ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም... ታዲያ እሱ ምን ያድርግ? በቤቱ ያልተገኘ ሰው እንዴት ታመመ ተብሎ ይቆጠራል? ከታማሚዎቹ አንዷ እናት ቤታችን መጥቶ ማን ጠየቀን ብትለኝ፣ «አንድ የተማረ ሰው መጥቶ ነበር» አልኳት።

ጥናቱ ሲጸድቅ የሰፈሩ ምርመራ ክፍል ይዘጋል ይባላል። ለማን ብሎ ይከፈት? በሽታው ቀንሷል እኮ። የተተኩት ቤቶች ስንት እንደሆኑ ጽፏል? የለም? አይ... ወረቀት አጥሮት ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የምርቃት ቀን ደርሶ ግን ማን ያድራል?

እኔ ስለ ማንም ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም ፕሮፌሰር። ይፈርሙለት፣ እጅዎ ይባረክ። እሱንም እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ዶክተር መባሉን ለእናቱ ያሳይልኝ። አንድ ቀን ታሞ መነሳት ያቃተው እንደሆነም... ልክ እንደ እሱ ያለ ቀልጣፋ ሐኪም መጥቶ በሩን ያንኳኳለት።